«ዲስክህ ተንሸራቷል» ከማለታችን በፊት፦ የሕመም ሳይንስና የፊዚዮቴራፒ ክፍላችን አማርኛ

የወገብ ሕመም ይዞ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚመጣ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን አይመጣም። በፌስታል የተጠቀለለ የራጅ ወይም የኤምአርአይ ፊልም በብብቱ ሥር አለ፤ ከፊልሙ ጋር ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ይዟል። «ዲስክህ ተንሸራቷል»፣ «አጥንትህ ተበልቷል»፣ «ነርቭህ ተጭኗል»፣ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» ከሚሉት አንዱ ነው። ዐረፍተ ነገሩን የተናገረው ባለሙያ በማግሥቱ ረስቶት ይሆናል፤ ታካሚው ግን ከዓመታት በኋላም ቃል በቃል ይደግመዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ዐረፍተ ነገር ነው። ዘመናዊው የሕመም ሳይንስ ወደ ሙያችን የሚገባበት ዋናው በር ከታካሚ ጋር የምንነጋገርበት አማርኛ ነው፤ ይህንን አማርኛ በጥናት ሳንመረምር የውጭውን ማብራሪያ እንዲሁ ተርጉመን ብናቀርብ ጥቅሙ አነስተኛ፣ አንዳንዴም ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጥ ይሆናል ብዬ እሞግታለሁ።

ሕመም ከሕብረ ሕዋስ ጉዳት ጋር በልክ የሚመጣጠን አለመሆኑ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሕመም ማስታገሻ እንፈልጋለን ያሉት ሩብ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት የመውጫ ፈቃድ ነበር፤ የቁስሉ ትርጉም ሕመሙን ለውጦታል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የበር መቆጣጠሪያ ንድፈ ሐሳብ፣ ከአካል የሚነሣው መልእክት ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲደርስ እንደሚጎላ ወይም እንደሚደበዝዝ፣ በዚህም ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ ድርሻ እንዳለው አስረዱ። ክሊፎርድ ዉልፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጉዳት በኋላ የኅብለ ሰረሰሩ የራሱ ምላሽ እንደሚለወጥ፣ ቀድሞ የማያምመው ንክኪ ማመም እንደሚጀምር በሙከራ አሳየ። ሎሪመር ሞዝሊና አርኑድ አርንትዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሙከራ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ ብረት በፈቃደኞች የእጅ ጀርባ ላይ ሲያሳርፉ፣ ብረቱ ከቀይ መብራት ጋር ሲመጣ ከሰማያዊው ይልቅ የበለጠ አመማቸው። ብረቱ ያው ነው፤ ቀለሙ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን የተለየ ነበር።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሻሻለው ትርጓሜ ይህንን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሰባስባል። ሕመም ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከሚችል የሕብረ ሕዋስ ጉዳት ጋር የተያያዘ፣ ወይም ያንን የሚመስል፣ ደስ የማይል የስሜት ሕዋስና የስሜት ልምድ ነው ይላል። ከትርጓሜው ጋር የወጡት ማስታወሻዎች ደግሞ ሕመምና የነርቭ መልእክት የተለያዩ ክስተቶች መሆናቸውን፣ ሰው የሕመምን ምንነት በሕይወት ልምዱ እንደሚማረው፣ «አመመኝ» ያለ ሰውም ሊከበር እንደሚገባው ይናገራሉ። ለእኛ ሙያ ከሁሉ የሚከብደው «በሕይወት ልምዱ ይማረዋል» የሚለው ነው። ከሚማርባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ክፍል ነውና።

ፊልሙን እንመልከት። ብሪንጂክጂና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ዳሰሳ 33 ጥናቶችን አሰባስበው ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የምስል ውጤት መርምረዋል። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 96 በመቶ በሚሆኑት ላይ የዲስክ ማርጀት ምልክት ነበር። የዲስክ መወጠር በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ደኅና ናቸው፤ ይሠራሉ፣ ይሸከማሉ፣ ይተኛሉ። እንግዲህ አንድ የ45 ዓመት ሹፌር ወገቡን አሞት ሲመጣ በፊልሙ ላይ የሚታየው ዲስክ የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ሽበቱን አይቶ ራስ ምታቱን በሽበቱ ከማመካኘት ብዙ አይርቅም። «ተንሸራቷል» የሚለው ቃል ራሱም ከሥነ አካል አንጻር የተሳሳተ ነው። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አከርካሪዎች ጋር የተጣበቀ በመሆኑ እንደ ሳሙና ከቦታው የሚያመልጥ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉ ሥራውን ይሠራል፤ አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ነገር ሁለተኛም ሊንሸራተት ይችላልና፣ ታካሚው ወገቡን እንደ እንቁላል ይዞ ይሄዳል።

ቭላየንና ሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 ያብራሩት የፍርሃትና የመሸሽ ሞዴል ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ይነግረናል። ሕመሙን የአደጋ ምልክት አድርጎ የተረዳ ሰው ይፈራል፤ የፈራ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴ የቀነሰ ይደክማል፣ ከሥራውና ከሰው ይርቃል፣ ለሕመሙም ይበልጥ ንቁ ይሆናል። ቤን ዳርሎና ባልደረቦቹ በኒውዚላንድ የወገብ ሕመምተኞችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ባለሙያዎች የተናገሩት ቃል ታካሚዎች ስለ ወገባቸው በሚያምኑት ላይ ለዓመታት የሚቆይ ተጽዕኖ እንዳለው አሳይተዋል፤ አንዳንዱ ቃል ያጽናናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወገብን ዘወትር ጥበቃ የሚያስፈልገው ደካማ አካል ያደርገዋል። የመድኃኒትን መጠን በሚሊግራም የምንለካ ሆነን ሳለ የቃላችንን መጠን አለመመዝገባችን ያስገርማል።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በትምህርት ቤታችን ወጌሻን ኋላ ቀር እያልን መተቸት ተለምዷል፤ በስብራት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ስናስብ ትችቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ስለ ቆየ የወገብ ሕመም «ጅማትህ ዞሯል፣ አጥንትህ ከቦታው ወጥቷል» በሚለው ወጌሻና «ዲስክህ ተንሸራቷል» በሚለው ባለ ዲግሪ መካከል ያለው የንድፈ ሐሳብ ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ሕመምን ከቦታው የወጣ ዕቃ ያደርጉታል፤ ሁለቱም ፈውስን ዕቃውን ወደ ቦታው በሚመልስ እጅ ላይ ያኖራሉ። ልዩነቱ አንደኛው ፊልም መያዙ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የቡድን ፊዚዮቴራፒስትን እስከ ዛሬ «ወጌሻ» ማለታቸው አንዳንዶቻችንን ያስቆጣናል፤ በዚህ ረገድ ግን ከምንወደው በላይ እውነት ሳይኖረው አይቀርም።

እንግዲህ መፍትሔው ለታካሚው የሕመምን ሳይንስ ማስተማር ነው ሊባል ይችላል። ዴቪድ በትለርና ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ የጀመሩት እንቅስቃሴ መሠረቱ ይህ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ማብራሪያው አማርኛ ሲናገር ነው። ሕመም የሚመነጨው ከአንጎል ነው የሚለውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ «ሕመሙ ያለው አእምሮዎ ውስጥ ነው» ብለን እንተረጉመዋለን። በአማርኛ «የአእምሮ ሕመም» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ወገባቸውን የታመሙ እናት ይህንን ሲሰሙ የሚረዱት «አብደዋል» ወይም «ያስመስላሉ» የሚል ክስ ነው። «አእምሮ» በሚለው ፈንታ «አንጎል» ብንል ክሱ በመጠኑ ይለዝባል፤ ግን አሁንም «ራሴን ሳይሆን ወገቤን ነው ያመመኝ» የሚል ፍትሐዊ መልስ ይጠብቀናል።

«ሥር የሰደደ ሕመም» የሚለው የተለመደ ስያሜያችንም እንዲሁ ነው። በሙያው ቋንቋ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ማለት ብቻ ነው። በታካሚው ጆሮ ግን ሥር አለው፤ ሥር ያለው ነገር ተነቅሎ ካልወጣ አይለቅም። ስያሜው ሳናስበው መርፌን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ነቅሎ የሚጥል ኀይለኛ እጅን ያስጠብቃል። «የቆየ ሕመም» ብንል ምን እናጣለን? ይህ የቃላት ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ሁለቱን ስያሜዎች ለሁለት ቡድን ታካሚዎች ነግሮ ከሕክምናው የሚጠብቁትን መጠየቅ ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ የማይከብድ ሥራ መሆኑን ያስብ።

በአንጻሩ ቋንቋችን የሚሰጠን ብዙ ነገር አለ። አማርኛ ሕመምን የሚገልጽባቸውን ግሦች ያስተውሏል፦ ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይለበልበኛል። እያንዳንዱ ግሥ ያልተጠቀሰ አድራጊ አለው። «ጎኔን ወጋኝ» ያለ ሰው ማን እንደወጋው አይናገርም፤ «ራሴን ፈለጠኝ» ያለችም መጥረቢያ አላየችም። ተናጋሪው ጉዳት የሚመስል ነገር እየገለጸ፣ ጉዳት አድራሹ ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ማኅበሩ «ያንን የሚመስል» የሚለውን ሐረግ በትርጓሜው ውስጥ ለማስገባት እስከ 2020 ድረስ ቆይቷል፤ ሰዋስዋችን ከዚያ በፊትም ያውቀው ነበር ቢባል ማጋነን ይሆናል፣ ግን ለማስረዳት የሚመች መሠረት ነው። ግሦቹ ለምርመራም ይጠቅማሉ። «ይነዝረኛል» እና «ያቃጥለኛል» የሚል ታካሚ የነርቭ ሕመም እንዳለበት እንድንመረምር ይጋብዘናል፤ ከባሕር ማዶ የመጡት መጠይቆች ግን እነዚህን ልዩነቶች ተርጓሚው ባገኘው ቃል አድበስብሰው ያልፏቸዋል።

የነርቭ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ንቁ መሆኑንም ለማስረዳት ቃል አላጣንም። ቁስል «ተቆጣ» እንላለን፤ ሕመም «በረደልኝ» እንላለን። የተቆጣ ነገር አልተሰበረም፣ ሊበርድም ይችላል። «ወገብዎ ተቆጥቷል እንጂ አልተሰበረም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ አንጎል ምንም ሳይናገር የሳይንሱን ፍሬ ነገር ያደርሳል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ዉልፍ በላቦራቶሪ ላሳየው ነገር ከማንኛውም ሥዕል የቀረበ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ልጡ እባብ አይደለም፣ ድንጋጤው ግን እውነተኛ ነው። እነዚህ የእኔ ግምቶች እንጂ የተፈተኑ መሣሪያዎች አይደሉም። «ተቆጣ» የሚለው ቃል አንዳንዱን ታካሚ ቍጣው እንዳይባባስ ዐርፎ እንዲተኛ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከምንፈልገው ተቃራኒ ነው። መፈተን ያለበትም ስለዚህ ነው።

ቃል ብቻውን ይበቃል የሚል ካለ ማስረጃው አይደግፈውም። ትሬገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ወገባቸውን በቅርብ ጊዜ የታመሙ 202 ሰዎችን ከፍለው ለአንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የአንድ አንድ ሰዓት የሕመም ትምህርት፣ ለሌላው ቡድን በጥሞና ከመስማት ያላለፈ ተመሳሳይ ጊዜ ሰጡ። ከሦስት ወር በኋላ በሕመማቸው መጠን ልዩነት አልታየም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በላንሴት የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት የቆየና ሥራ የሚያስተጓጉል የወገብ ሕመም ያለባቸውን 492 ሰዎች አሳትፎ፣ የሚፈሩትን እንቅስቃሴ ከባለሙያው ጋር እየተለማመዱ ሕመማቸውን በአዲስ መልክ እንዲረዱ የሚያደርግ ሕክምና ከተለመደው እንክብካቤ የላቀ ውጤት እንዳለው፣ ውጤቱም እስከ 52 ሳምንት እንደቆየ አሳይቷል። እኔ ከሁለቱ የምረዳው፣ ማብራሪያ በወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሰጥ ደካማ፣ ታካሚው ጎንበስ ብሎ የፈራውን ሲያነሣ ሲሰጥ ግን ብርቱ መሆኑን ነው። ከአቅማችን ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ምሳሌ ደግሞ የኔፓል ነው። ሳውራብ ሻርማና ባልደረቦቹ የሕመም ትምህርቱን ከአገሩ ባህልና ቋንቋ ጋር አስማምተው በ40 ታካሚዎች ላይ ሙከራው ሊካሄድ የሚችል መሆኑን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ትንሽ ጥናት ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው።

የሚነሣው ልምምድም የታካሚው ሕይወት መሆን አለበት። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ውኃ የምትቀዳ ሴትን «ከባድ ነገር አታንሺ» ብሎ መላክ ምክር አይደለም፤ ወይ ትእዛዙን ጥሳ በፍርሃት ትሸከማለች፣ ወይ ሸክሙ ወደ ልጇ ይዞራል። አምስት ሊትር ሞልታ በክፍላችን ውስጥ እንድታነሣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ ዐሥር እያሉ መሄድ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጀሪካንና ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው የቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ሲደግፍ፣ የወገብ ቀበቶን፣ መጎተቻን፣ የአልትራሳውንድ ሕክምናንና በቆዳ ላይ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያን በዘወትር አሠራር እንዳንጠቀም መክሯል። ብዙዎቹ ክፍሎቻችን ግን ቀናቸውን የሚያሳልፉት በእነዚሁ መሣሪያዎች ዙሪያ ነው። ታካሚው በማሽን ሥር ተኝቶ ሃያ ደቂቃ ሲያሳልፍ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ይህ የሚሆነው ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ማሽን ለአንድ ባለሙያ አራት ታካሚ በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ ያስችለዋል፣ ንግግር ግን አያስችለውም። የቀን ሥራውን ትቶ የመጣው ታካሚም የቀን ደመወዙን ከፍሎ ወሬ ሰምቶ መመለስ አይፈልግም፤ እውነቱን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ለእኛ ከአውስትራሊያ ይልቅ የሚከብድ ነው። «ሕመም ጉዳት ማለት አይደለም» የሚለው መልእክት የተቀረጸው አደገኛ በሽታ እምብዛም በማይገኝባቸው ክፍሎች ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለጸው የአከርካሪ ቲቢ ለእኛ የታሪክ ርእስ አይደለም፤ ቲቢ በስፋት ባለበት አገር፣ ከሳንባ ውጭ የሚገኘው ድርሻም ከፍተኛ በሆነበት ሁኔታ፣ ከወገብ ሕመምተኛው ወረፋ መካከል ተቀምጦ ይጠብቀናል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስ ወገብን ያሳምማል። የምሽት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት የክብደት መቀነስ፣ ዕረፍት የማያስታግሰው ሕመም፣ የጀርባ መጉበጥ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ያለበትን ሰው «ወገብዎ ተቆጥቷል» ብሎ ማጽናናት አካለ ስንኩል ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የማጽናኛ ቃል ከጥንቃቄ ምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው የሕመምን ሳይንስ ተጠቀመ ሊባል አይገባም። ደግሞም በእጁ ሳይነካ «ምንም የለብዎትም» ያለውን ባለሙያ ታካሚው አያምነውም፤ በሚገባ የተመረመረ ሰው ግን ቃሉን ለመቀበል ይዘጋጃል።

የምረቃ ጥናቶቻችንን የሚከታተል አንባቢ የዘርፉን የተለመደ ርእስ ያውቀዋል፦ የወገብ ሕመም ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በእነ እገሌ ሠራተኞች፣ በእነ እገሌ ከተማ። መምህራን ተጠንተዋል፣ ነርሶች ተጠንተዋል፣ ሹፌሮች ተጠንተዋል። የወገብ ሕመም ብዙ መሆኑን ከእንግዲህ ማንም አይጠራጠርም፤ በዓለም ደረጃ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 619 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበረባቸው ተገምቷል። ያልተጠናው በክፍሉ ውስጥ በባለሙያና በታካሚ መካከል የሚነገረው ነው። በፈቃድ የተቀረጸ የሠላሳ ታካሚዎች የመጀመሪያ ቀን ውይይት፣ ፊልማቸውን ያነበበላቸው ሰው ምን እንዳላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ምን መሥራት እንዳቆሙ የሚጠይቅ ጥናት ላቦራቶሪም ሆነ ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። የድምፅ መቅጃ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የታካሚውን አማርኛ እንደ መረጃ የሚቀበል አማካሪ ይጠይቃል። የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሶማሊኛ ተናጋሪ ታካሚዎችን የሚያክሙ ተመራቂዎች ደግሞ የራሳቸውን ግሦች ይዘው ይምጡ፤ እዚህ ስለ አማርኛ የተባለው ለእነዚያ ቋንቋዎች እንዲሁ ይሠራል ብሎ መገመት፣ ከእንግሊዝኛ እንዲሁ ተርጉሞ ከማምጣት ያልተሻለ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ሊጀመር የሚችለው ግን ጥናት እንኳ አይፈልግም። የራጅና የኤምአርአይ ንባብ የምንጽፍም ሆነ የምናነብ ባለሙያዎች ከ«ዲስክ ማርጀት» አጠገብ፣ ይህ ለውጥ በዚህ ዕድሜ ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ላይ በስንት መቶኛ እንደሚታይ አንድ መስመር ብንጨምር፣ ታካሚው በፌስታሉ ይዞት የሚሄደው ዐረፍተ ነገር ሌላ ይሆናል።